8ኛ ወሬን ይዣለሁ፣ መነጽሬ እምቢ አለኝ፤ ጎንደር ያላችሁ እናቶች እስቲ ንገሩኝ

የማራኪዋ_መምህርት · ታኅሣሥ 3፣ ማታ 1፡10
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ትናንት 32 ሳምንት ሞላኝ። መነጽር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አደርጋለሁ፣ የሩቅ ነው። ቁጥሬ ሦስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ። ክፍል ውስጥ ኋላ የተቀመጡት ልጆች ፊት ይደባለቅብኛል። ፈተና ሳርም ፊደሉ ብዥ ይልና ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍተው ይስተካከላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ብዥ። ማታ ማታ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል።

ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ገባሁና ለኩኝ። ቁጥርሽ ጨምሯል፣ አዲስ ሌንስ እናስገባልሽ አሉኝ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ የአራስ ቤቱ ወጪ ደግሞ ከፊቴ ተደቅኗል። እናቴ "ነፍሰ ጡር ዓይኗ ይደክማል፣ ስትወልጂ ይመለሳል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" ትላለች። ማንን ልስማ? የደረሰባችሁ ካላችሁ በሞቴ ንገሩኝ።

የአዘዞ_እናት · ማታ 1፡22
እናትሽን ስሚ። እኔ በመጀመሪያዬ ስድስተኛ ወር ላይ ልክ እንዳንቺ ሆኜ አዲስ መነጽር አሠራሁ። ወልጄ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ያ መነጽር ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ብታይ፣ ዓይኔ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ መነጽሩ ግን በአዲሱ ቁጥር ነው የተሠራው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል እስከ ዛሬ።

መነጽር_ለኪው · ማታ 1፡35
ኦፕቶሜትሪ፣ ማለት የዓይን ምርመራና የመነጽር ልኬት ሙያ፣ የተማርኩት እዚሁ ጎንደር ነው፣ ሥራዬም ይሄው ነው። እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱን እኔ ልጨምርልሽ።

በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውኃ ይይዛል። እግርሽ ማታ ላይ እንደሚያብጠው ሁሉ የዓይንሽ የፊተኛው ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያ የምንለው፣ እሱም ውኃ ይይዝና ትንሽ ይወፍራል። ወፈረ ማለት ደግሞ ክብነቱ ይለወጣል። ብርሃን የሚሰበርበት ቦታ ስለሆነ በጣም ትንሽ ለውጥ እንኳ የመነጽር ቁጥር ያዛባል። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለዚህ ነው እኛ "አሁን ቋሚ መነጽር አታሠሪ፣ ወልደሽ ጥቂት ወራት ይለፍ" የምንለው። በሌዘር መነጽር ማስጣል የሚያስቡም እንደዚሁ ይጠብቃሉ። ዓይኑ ባልረጋበት ጊዜ ተለክቶ አይቀረጽም።

መቆርቆሩ ደግሞ ድርቀት ነው የሚመስለው። ሆርሞን ሲለዋወጥ እንባ ያንሳል ወይም ጥራቱ ይቀንሳል። ፊደሉ ብዥ ብሎ ስትጨፍኚ የሚስተካከለው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም፣ ጨፈንሽ ማለት ኮርኒያው በእንባ ታጠበ ማለት ነው። የከሰልና የእጣን ጭስ ያባብሰዋል። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት። ስልክ ላይ ስታፈጪ ደጋግመሽ ጨፈን ጨፈን አድርጊ። መድኃኒት ቤት የእንባ ጠብታ አለ፣ ግን ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነግረሽ ነው የምትገዢው። መቅላት ማጥፊያ ጠብታ እንዳትወስጂ፣ የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት አለበት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከዓይኑ ውጪ ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?

ሎዛ_ሠፈር · ማታ 1፡41
ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉም ልብ በሉ። እኔ አራተኛ ወሬ ላይ ዓይኔ አልቀበልም አለ። ቀላ፣ አለቀሰ። ሐኪሙ አውጥተሽ በመነጽር ቆዪ አለኝ። ያው ሌንሱ የተሠራው ለድሮው የዓይኔ ቅርፅ ነው፣ ድርቀትም አለ።

የማራኪዋ_መምህርት · ማታ 2፡03
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ቀለለኝ። እንግዲያው አላሠራም።

ሌላ ላልከው፣ ያው ራስ ምታት አለ። ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፣ አሸተትኩም፣ ለጊዜው ይተወኝና ይመለሳል። ፊቴ ደግሞ ሞላ ሞላ ብሏል። አስተማሪዎቹ "እርግዝና ተስማማሽ፣ አማረብሽ" ይሉኛል። ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ ትናንት በሳሙና ነው ያወጣሁት። ዛሬ ከሰዓት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሆነ እንደ ብየዳ እሳት ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ተቀመጥኩ፣ ጠፋ። ፆም ስለሆነ ምግብም ስላላገኘሁ ይሆናል።

ቁስቋም_ታች · ማታ 2፡09
ምች ነው የኔ እህት። ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነበር? ዳማከሴውን በቡና አፍልተሽ ጠጪው፣ ተሸፋፍነሽ ተኚ። እኔ በሁለቱም እርግዝናዬ እንደዚሁ ነበርኩ፣ ድኛለሁ።

ሲስተር_ከቆላድባ · ማታ 2፡11
የማራኪዋ፣ ይሄን ስታነቢ ተነሺ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ራስ ምታት የማይለቅ፣ ፊትና እጅ ማበጥ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ፣ 32 ሳምንት። እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ተረጋግጦ እስኪወጣ ድረስ የእርግዝና ግፊት ነው ብለን ነው የምንነሳው። ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ዛሬ፣ አሁን፣ ግፊትሽ ይለካ፣ ሽንትሽም ይታይ። ነገ ጠዋት አይደለም።

መነጽር ለኪው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ጥያቄውንም በሰዓቱ ጠየቀ፣ እግዜር ይባርክህ። የጥቅምቱ ብዥታ ድርቀቱና የኮርኒያው ነገር ሊሆን ይችላል። የዛሬው ብልጭታ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አታደባልቂ።

ምን እንደሚሆን ላስረዳሽ፣ ስታውቂው ትወጫለሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። የእናትየው የደም ሥሮች በመላ ሰውነቷ ይኮማተራሉ፣ ግድግዳቸውም ፈሳሽ ያሳልፋል። ኩላሊት ላይ ሲሆን ፕሮቲን በሽንት ይወጣል። ጉበት ላይ ሲሆን ከቀኝ ጎድን ሥር ያማል፣ ብዙ ሴት ጨጓራ ነው ብላ ዝም ትላለች። ሬቲና ላይ ሲሆን፣ ማለት የዓይን የኋለኛው ግድግዳ፣ እይታ ይደበዝዛል፣ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ አንዳንዴ ፈሳሽ ከሥሩ ገብቶ ሬቲናውን ከቦታው ያነሳዋል። አንጎል የኋለኛው ክፍል ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይኑ ራሱ ደህና ሆኖ ማየት ሊጠፋ ይችላል፣ የምናየው በአንጎላችን ነውና። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ማንቀጥቀጥ ነው።

ለእብጠቱ አምሮብሻል ያሉሽ በፍቅር ነው ያሉት፣ ግን እጅና ፊት በቀናት ውስጥ ሲያብጥ መለካት ነው።

የማራኪዋ_መምህርት · ማታ 2፡19
ሲስተር አስደነገጥሽኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ክትትል ሄጄ ግፊቴ 110 በ 70 ነው ብለውኛል። ባለቤቴ ለሥራ ደባርቅ ነው። እናቴ ጨለማ ነው፣ ጠዋት እንሂድ ትላለች። ጠዋት ብሄድ ምን ችግር አለው?

ሲስተር_ከቆላድባ · ማታ 2፡22
የሁለት ሳምንቱ የሁለት ሳምንት ነው። ይሄ በሽታ ከ20 ሳምንት በኋላ በየትኛውም ቀን ይነሳል፣ ሲነሳም በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል። ትላንት ደህና የነበረች ዛሬ 170 ገብታ አይቻለሁ።

እናትሽን ስልኩን ስጫቸው፣ ይሄን ያንብቡ፦ እማማ፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ምች ከሆነ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው የሚያጡት። ግፊት ከሆነ ግን ሁለት ነፍስ ነው የሚያተርፉት። ለወላድ የመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው፣ የገንዘብ ነገር አያሳስብዎት።

አንቺ ደግሞ የክትትል ካርድሽን ያዢ። በር ላይ "ዓይኔን አመመኝ" እንዳትዪ፣ ዓይን ክፍል ተሰለፊ ብለው ሊልኩሽ ይችላሉ። "32 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ራሴን በጣም ያመኛል፣ ብልጭ ብልጭ ይለኛል፣ ግፊቴን ለኩኝ" በዪ። ቀጥታ ወደ ማዋለጃ ነው።

ማራኪ_በላይ · ማታ 2፡26
እኔም እዛው ማራኪ ነኝ፣ ወንድሜ ባጃጅ አለው፣ አሁን ቤት ነው። ሠፈርሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አብሬሽ እመጣለሁ፣ እናትሽም ይምጡ። ፎጣና ጋቢ ያዙ፣ ይበርዳል።

ቁስቋም_ታች · ማታ 2፡31
ምች ያልኩት እኔ ነኝ። ሲስተር የጻፈችውን አላውቅም ነበር። እህቴ ሂጂ፣ የኔን ተዪው። ማርያም ትከተልሽ።

ደንቢያ_ተወላጅ · ማታ 2፡50
እሷ ሄዳ ከሆነ ተመስገን። እኔ ልጽፈው የማልፈልገውን ልጻፍ።

ታላቅ እህቴ ገጠር ነው ያገባችው። ዘጠነኛ ወሯ ላይ አንድ ማታ እሳት አጠገብ ተቀምጣ "መብራቱን አጠፋችሁት እንዴ?" አለች። እሳቱ እየነደደ ነው። ዓይነ ጥላ ነው ተባለ። ጠዋት ጠበል ሊወስዷት ሲሰናዱ አንቀጠቀጣት። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በመኪና። ሆስፒታል ስትደርስ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጧታል። ሕፃኑ አልተረፈም። እሷ በመርፌና በመድኃኒት ተረፈች፣ ዓይኗም በአራተኛው ቀን ተመለሰ፣ መጀመሪያ ያየችው የጎኗን መስኮት ነው። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ ምንም ጉዳት የለም፣ አንጎሏ አብጦ ነው ያላየችው፣ እብጠቱ ሲቀንስ ማየቷ ተመለሰ ብሎ አስረዳን። ዛሬ ስንዴ ትለቅማለች፣ መርፌ ታሳልፋለች።

እኔን የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስትል መሰንበቷ ነው። ማንም አልለካትም፣ እኛም አላወቅንም። ጠበሉ ይቅር አልልም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግፊቱን አስለክቶ፣ መርፌውን አስወግቶ፣ ጠበሉንም ማድረግ ይቻላል።

ማራኪ_በላይ · ሌሊት 5፡40
ደርሰናል። ሲስተር፣ ግፊቷ 168 በ 112 ነው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ፣ ብዙ ነው አሉ። ወዲያው አስገቧት። እናቷ አጠገቧ ናቸው፣ እኔ ውጪ ነኝ።

ሲስተር_ከቆላድባ · ሌሊት 5፡44
ተመስገን ገባች። አሁን ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጧታል፣ ማንቀጥቀጥ የሚከላከለው እሱ ነው። ሲገባ ሰውነት በሙቀት ይለበለባል፣ እንዳትደነግጥ ንገሪልኝ። ግፊት ማውረጃም ይሰጧታል። ሳምንቷ 32 ስለሆነ ለሕፃኑ ሳንባ የሚሆን መርፌም ይኖራል። ባለቤቷን ደውሉለት።

የማራኪዋ_እህት · ታኅሣሥ 5፣ ጠዋት 3፡15
ታናሽ እህቷ ነኝ፣ በስልኳ ነው የምጽፈው። ግፊቷ ወርዷል፣ 140 በ 90 አካባቢ ነው። ራስ ምታቱ ለቋታል። ብልጭታው ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ብዥታው ግን ትንሽ አለ። የዓይን ሐኪም መጥቶ ዓይኗ ላይ ጠብታ አድርጎ የውስጡን አየ። ሬቲናዋ ላይ የደም ሥሮቹ ጠበብ ብለዋል፣ ትንሽ እብጠትም አለ፣ ሬቲናው ግን ከቦታው አልተነሳም ብሎናል። ከወለደች በኋላ ይስተካከላል ብሎ ተስፋ ሰጥቶናል። ሐኪሞቹ 34 ሳምንት ድረስ በክትትል ሊያቆዩዋት፣ ከዚያ ሊያዋልዷት ነው ሐሳባቸው፣ ካልባሰባት። እናቴ ሁላችሁንም መርቃችኋለች።

ቀበሌ18 · ታኅሣሥ 5፣ ቀን 7፡30
እግዜር ጨርሶ ይማራት። ይህን ክር ሳነብ የራሴን ጥያቄ ላምጣ ብዬ ነው። ሩቅ ያለ ነገር ማየት በጣም ይከብደኛል፣ የመነጽር ቁጥሬ 9 ነው ሁለቱም። አምስተኛ ወሬ ነው። አንድ ዘመዴ "እንዳታምጪ፣ ስትገፊ ሬቲናሽ ይቀደዳል፣ ኦፕራሲዮን ጠይቂ" አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

መነጽር_ለኪው · ታኅሣሥ 5፣ ቀን 8፡05
ይሄ ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር፣ ስለዚህ ዘመድሽ ከራሷ አላመጣችውም። የተጠኑት ሴቶች ላይ ግን ምጥ ሬቲናን ሲቀድ አልታየም። ከባድ የሩቅ ዓይን ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም።

ቁጥሩ የከበደ ዓይን ረዘም ያለ ስለሆነ ሬቲናው ይሳሳል፣ ያ በእርግዝናም ያለእርግዝናም ያው ነው። ስለዚህ ሰፊ ጊዜ ሲኖርሽ አንድ ቀን የዓይንሽ ብሌን በጠብታ ሰፍቶ ውስጡ ይታይ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ የምንለው፣ የዓይን ክፍል አለልሽ። የሚያሰፋውን ጠብታ ሲያደርጉልሽ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ተናገሪ፣ ከጨመሩልሽም በኋላ የዓይንሽን የአፍንጫ በኩል ጥግ በጣትሽ ሁለት ደቂቃ ያህል ጫን አድርገሽ ያዢው። ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ይሄ ለማንኛውም የዓይን ጠብታ ይሠራል።

ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ፣ በአንድ ጎን እንደ መጋረጃ ነገር ከወረደብሽ ግን በዚያው ቀን ሂጂ።

የአዘዞ_እናት · ታኅሣሥ 5፣ ቀን 8፡20
ስለማማጥ ካነሳችሁ፣ እኔ ሁለተኛዋን ስወልድ ገፍቼ ገፍቼ ጠዋት መስታወት ሳይ የአንድ ዓይኔ ነጩ ደም ሆኗል። ጮህኩ። ምንም አያምም፣ እይታዬም ደህና ነበር። ትንሽ የደም ሥር ፈንድታ ነው፣ በራሱ ይጠፋል አሉኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ጠራ። አራስ ጠያቂ የመጣ ሁሉ ግን ቡዳ ነው እያለ አስጨነቀኝ።

አባወራው · ታኅሣሥ 6፣ ማታ 12፡50
ወንድ ገብቼ ይቅርታ። ባለቤቴ ስኳር አለባት፣ ከማግባታችን በፊት ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሦስተኛ ወሯ ነው። ዓይኗን የሚያስፈራ ነገር አለ?

ሲስተር_ከቆላድባ · ታኅሣሥ 6፣ ማታ 1፡30
ይቅርታ አያስፈልግም፣ እንዳንተ የሚጠይቅ ባል ይብዛልን። አዎ፣ አለ። ከእርግዝና በፊት ስኳር ያለባት ሴት ሬቲናዋ ላይ የደም ሥር ጉዳት ካለ በእርግዝና ጊዜ ሊፋጠን ይችላል። ስኳሯ በፍጥነት ሲስተካከልም መጀመሪያ ላይ የሚብስበት ጊዜ አለ። ማስተካከሉ ግን ለሕፃኑ የግድ ነው፣ ስለዚህ መፍትሔው ዓይኑን አብሮ መከታተል ነው። የሚሻለው ሳታረግዝ መታየት ነበር። አሁን በዚህ ሳምንት ይታይላት፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚቀጥራት ሁሉ እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ። ምንም ባይሰማትም ይታይ፣ ሬቲና ሲጎዳ አያምም። ካስፈለገ በሌዘር ይታከማል፣ ነፍሰ ጡር ብትሆንም።

በእርግዝና ብቻ ስኳር የተገኘባቸው እናቶች ለዚህ ብዙም አይሰጉም፣ ጊዜው አጭር ነው።

ጠዳ_መንገድ · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 2፡40
እንደምን አደራችሁ። የአክስቴ ልጅ ዘጠነኛ ወሯ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ያቅታታል። ማታ እቤት ውስጥ በዳበሳ ነው የምትሄደው፣ ቀን ግን ደህና ነች። ዳፍንት ነው አልናት። አንዷ ጎረቤት ለልጆች ዘመቻ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ክኒን አግኝቼ ልስጣት አለች። ይሰጣት?

ሲስተር_ከቆላድባ · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 2፡58
አይሰጣት! እባካችሁ። የልጆቹ እንክብል ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ሕፃን 200,000 ዩኒት ነው። ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደው በቀን ከ10,000 የማይበልጥ ነው። ያ ትልቅ መጠን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ያበላሻል።

ዳፍንቱ ግን እውነተኛ ምልክት ነው፣ በርቱ አስተውላችኋል። የቫይታሚን ኤ እጥረት አንዱ ምልክቱ ነው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ፅንሱ ብዙ ስለሚወስድ ያኔ ይወጣል። ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ዓይኗን ያያሉ፣ በልኩ የተመጠነ መድኃኒት ያዛሉ። ደም ማነስም አብሮ ሊኖር ይችላል።

ከምግብ የሚገኘው አይጎዳም። ካሮት፣ ዱባ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። ይህ ሁሉ የጾም ነው፣ አሁንም ትችላለች። ግን ዘይት ጠብ ይደረግበት፣ ቫይታሚኑ ያለ ስብ አይዋሃድም። ጾሙን በሚመለከት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፣ ለነፍሰ ጡር ብዙ አባቶች ይፈቅዳሉ። እንቁላልና ወተት ከተፈቀደላት በጣም ጥሩ። ጉበት ብቻ አይብዛ፣ ቫይታሚን ኤው በጣም ከፍተኛ ነው።

ሎዛ_ሠፈር · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 3፡20
ሲስተር ስለ ምግብ ካነሳሽ፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋስ? ሐኪሜ ለሕፃኑ ዓይን ሲል ከልክሎኝ ነበር።

ሲስተር_ከቆላድባ · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 3፡31
ልክ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ አለ፣ በጥሬ ሥጋና በድመት እዳሪ ይተላለፋል። እናትየው ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ፅንሱ ጋ ከደረሰ ግን ሬቲናው ላይ ጠባሳ ያስቀራል። ለገና ክትፎው ይብሰል። ሰላጣም በደንብ ይታጠብ።

ቁስቋም_ታች · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 4፡00
ለሕፃኑ ዓይን የጡት ወተት ጠብ ማድረግና ኩል መኳልስ?

ሲስተር_ከቆላድባ · ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 4፡12
ሁለቱም ይቅሩ። ኩሉ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ለሕፃን አንጎል መርዝ ነው። ሲወለድ እኛ ቴትራሳይክሊን ቅባት እናደርጋለን፣ በመጀመሪያው ሰዓት። ቤት የወለደች ካለች ሕፃኑን ታምጣው። ዓይኑ መግል ከያዘ በዚያው ቀን።

የማራኪዋ_መምህርት · የካቲት 29፣ ማታ 2፡30
ሰላም ጎንደሮች። እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ለሁላችሁም በየግል መመለስ አቃተኝ፣ ይቅር በሉኝ።

ታኅሣሥ 16 ነው የወለድኩት፣ 34 ሳምንት ላይ። ወንድ ነው፣ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። ደረቴ ላይ ቆዳ ለቆዳ ታስሮ ነው የሰነበተው፣ የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። ገናን ሆስፒታል ነው ያሳለፍነው። አሁን 4 ኪሎ አልፏል። ጡት ሲይዝ ጉልበቱ!

የማታው ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ባጃጁ ውስጥ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይታየኝ ነበር፣ እናቴ እንዳላስደነግጣት ዝም አልኩ። ማራኪ በላይ እጄን ይዛኝ ነበር። ጠዋት እንሂድ ብለን ብንተኛ ኖሮ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ሲነግረኝ አለቀስኩ።

ግፊቱ በወለድኩ ማግስት አልወረደም። አምስተኛው ቀን ላይ እንደውም መልሶ 160 ገባ፣ ብዥታውም ትንሽ ተመለሰ። ስለዚህ አራሶች፣ ወልጃለሁ አለቀ አትበሉ። ግፊቱ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊወጣ ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ የሚጀምራቸውም አሉ፣ እስከ ስድስት ሳምንት። አራስ ቤት ራሷን የሚያማት ሴት ስታዩ "ነፋስ መታት" ብላችሁ ብቻ አትሸፋፍኗት።

ዓይኔን በስድስተኛው ሳምንት አሳየሁ። ሬቲናው ደህና ሆኗል። ዛሬ ደግሞ ቁጥሬን አስለካሁ፣ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ አሮጌው መነጽሬ ነው አሁን ያደረግኩት። ድርቀቱ ገና ትንሽ አለ። ግንባሬና ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቶብኛል፣ እሱም በጊዜው ይለቃል ብለውኛል።

ፒያሳ ያለውን መነጽር ቤት አልወቅስም፣ የለኩት ልክ ነበር። ግን እርጉዝ ሴት ወንበራቸው ላይ ስትቀመጥ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁ ብዬ እመኛለሁ፦ ራስሽን ያምሻል? ግፊትሽ መቼ ተለካ? መነጽር ለኪው እንደጠየቀኝ።

መነጽር_ለኪው · የካቲት 29፣ ማታ 2፡48
ደስ ብሎኛል እህቴ። ሁለቱን ጥያቄ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሌሎቹ ባለሙያዎችም እንዲያዩት።

ሲስተር_ከቆላድባ · የካቲት 29፣ ማታ 3፡05
እልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሁለት ነገር ብቻ። ግፊት የያዛት ሴት ወደፊትም የግፊት በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በየጊዜው ተለኪ። ሁለተኛ ስታረግዢ ደግሞ ገና ሦስት ወር ሳይሞላሽ ክትትል ጀምሪና ይሄን ታሪክሽን ንገሪያቸው። በትንሽ መጠን አስፒሪን ከ12ኛው ሳምንት ጀምረው ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ካልሲየምም። በራስሽ ግን አትጀምሪ። ግፊትሽ መጨረሻ የተለካው መቼ ነው?

የማራኪዋ_መምህርት · የካቲት 29፣ ማታ 3፡09
የዛሬ ሳምንት፣ 120 በ 80። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ የልጁ ክትባት አለ፣ እዛው እለካለሁ። እናቴም መለካት አለብሽ ብያት አብራኝ ልትመጣ ነው፣ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ተለክታ አታውቅም።